አዋጅ፣ ደንብ፣ ብይን፣ ፍርድ... እንዴት ነው የለያችኋቸው?

ፍሬሽማኗ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ አንደኛ ዓመት ነኝ። ሀሳቤ ህግ መግባት ነው፣ ግን ገና ሳልገባ ቃላቱ ናላዬን አዙረውታል። ዜና ላይ አንድ ሰው ዛሬ "ተጠርጣሪ" ይባላል፣ ከወር በኋላ "ተከሳሽ" ይሆናል፣ ከዚያ ደግሞ "እንዲከላከል ብይን ተሰጠ" ይሉናል። ሰፈር ውስጥ ግን ገና ፖሊስ የያዘው ዕለት "አበቃለት፣ ተፈረደበት" ተብሎ አልቋል። ፓርላማውም ያው ነው። አዋጅ ጸደቀ፣ ደንብ ወጣ፣ መመሪያ ተሻሻለ፤ ለእኔ ሁሉም ህግ ነው። ሲቪክስ ላይ ትርጉሙን ሸምድጄ አልፌያለሁ፣ ጥያቄው ትንሽ ዞር ብሎ ሲመጣ ግን ይጠፋብኛል።

እባካችሁ የቃላት ዝርዝር በፒዲኤፍ አትላኩልኝ፣ ሞልቶኛል። እናንተ በጭንቅላታችሁ እንዴት እንደያዛችሁት ንገሩኝ። ሁለቱ ምክር ቤቶች፣ የተወካዮችና የፌዴሬሽን፣ የሚለያዩበትን የሚያስረዳኝ ካለ ደግሞ ይባረክ።


ጥቁር_ካባ፦

ዝርዝር አልፈልግም ማለትሽ ደስ አለኝ። ህግ ስንማር መዝገበ ቃላቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያነበንቡ ልጆች ነበሩ፣ እውነተኛ መዝገብ ሲሰጣቸው ግን ማን ምን እንደጠየቀ መለየት ያቅታቸው ነበር። እኔ አንድ ቃል ሲመጣ "ይህን የሚያደርገው ማን ነው?" እላለሁ። ቀጥዬ "ጉዳዩ የት ደርሷል?" እላለሁ። ሁለቱ ከተመለሱ ትርጉሙ ራሱ ይመጣል።

ከህጎቹ ልጀምር። አዋጅ የሚያወጣው የህዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። መመሪያ የሚያወጣው ሚኒስቴሩ ወይም ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ ነው። የታችኛው ሥልጣኑን የሚያገኘው ከላይኛው ስለሆነ ደንብ ስትከፍቺ መግቢያው ላይ "በአዋጅ ቁጥር እንዲህ አንቀጽ እንዲህ መሠረት" የሚል ታገኛለሽ። ምሳሌ ከፈለግሽ የገቢ ግብር አዋጁ ቁጥር 979/2008 ነው፣ ማስፈጸሚያ ደንቡ ቁጥር 410/2009 ነው፣ ከእነሱ ሥር ደግሞ መመሪያዎች አሉ። አዋጁ ያልፈቀደውን መመሪያ ሊፈቅድ አይችልም፣ አዋጁ የሰጠሽን መብትም መመሪያ ሊነጥቅሽ አይችልም። ከሁሉም በላይ ህገ መንግሥቱ አለ።

ስለ ቁጥሩም ልንገርሽ፣ ማንም አያስተምረውም። 979 ተራ ቁጥሩ ነው፣ 2008 ዓመቱ። ህጎች በሚታተሙበት በነጋሪት ጋዜጣ እንግሊዝኛው ዓምድ ላይ ግን ያው አዋጅ 979/2016 ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ የፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ። ሁለት የተለያዩ አዋጆች መስለውት ሁለቱንም አሳይመንት ላይ የጠቀሰ ልጅ አውቃለሁ። የአሁኑ ቆጠራ የሚጀምረው ከ1/1987 ነው፣ እሱም ህገ መንግሥቱ ሥራ ላይ መዋሉን ያወጀው ነው።

አዋጅና ደንብ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣሉ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ሁለቱ ከተጋጩ የሚጸናው አማርኛው ነው። መመሪያ ግን እዚያ ላይ አይወጣም፣ ችግሩም ለረጅም ጊዜ ይኸው ነበር። መስኮት ላይ ትቆሚያለሽ፣ "መመሪያው አይፈቅድም" ትባያለሽ፣ "እስቲ መመሪያውን አሳዩኝ" ስትዪ ፊት ይነሱሻል። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የመጣው ይህን ለማስቀረት ነው። ያልተመዘገበና ድረ ገጽ ላይ ያልተጫነ መመሪያ ተፈጻሚነት የለውም ይላል። በተግባር ምን ያህል ይሠራል ካልሽኝ፣ አንድ ቀን መስኮት ላይ ጠይቂና እይው።

አሁን ወደ ወንጀሉ፣ ዋናው የተምታታብሽ እሱ ስለሆነ።

ፖሊስ አንድን ሰው ሲይዝ ሰውየው ተጠርጣሪ ነው። ገና ክስ የለም፣ ያለው ምርመራ ነው። ህገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለው ይላል፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። እዚያ ፖሊስ "ምርመራዬን አልጨረስኩም" ብሎ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ህግ በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው ከ14 ቀን አይበልጥም። ዜና ላይ "ፍርድ ቤቱ ለፖሊስ ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ ፈቀደ" ሲባል የምትሰሚው ይህንን ነው። ሰውየው አልተፈረደበትም፣ አልተከሰሰምም። ምርመራው ሲያልቅ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ህግ ይሄዳል። ዐቃቤ ህግ ያስከስሳል ብሎ ክስ ከመሠረተ ተጠርጣሪው ከዚያ ቀን ጀምሮ ተከሳሽ ነው።

ከዚያ ክሱ ይነበብለትና የእምነት ክህደት ቃሉን ይጠየቃል። አልፈጸምኩም ካለ የዐቃቤ ህግ ምስክሮች ይሰማሉ፣ ዋና ጥያቄ፣ መስቀለኛ ጥያቄ፣ ድጋሚ ጥያቄ ይባላል። አንቺን ያስቸገረሽ ብይን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዳኞቹ እስካሁን የቀረበውን መዝነው ክሱን አያስረዳም ካሉ ተከሳሹ መከላከያ ማቅረብ ሳያስፈልገው በነጻ ይሰናበታል። ያስረዳል ካሉ "ይከላከል" ይላሉ። ይከላከል ማለት ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም! ይህን በትልቁ ጻፊው፣ ጋዜጠኞችም ጭምር ይስቱታል። መከላከያ ምስክሮቹን ካሰማ በኋላ ነው ፍርድ የሚመጣው፣ ጥፋተኛ ወይም ነጻ። ጥፋተኛ ከተባለ ሁለቱም ወገኖች የቅጣት ማክበጃና ማቅለያ አቅርበው የቅጣት ውሳኔ ይሰጣል። ፍርደኛ የሚባለው አሁን ነው። የሰፈርሽ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ጨርሶታል።

አንድ የፈተና ነገር ደግሞ፦ ቀላል እስራት ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፣ ጽኑ እስራት ከ1 እስከ 25 ዓመት ነው፣ ዕድሜ ልክም አለ። ስለዚህ "2 ዓመት ተፈረደበት" ብቻ ከተባልሽ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አትችዪም።


የመዝገብ_ቤቱ፦

ልጄ፣ ጥቁር ካባ በደንብ አስረድቶሻል። ግን እንደ ወጣት ጠበቃ ሁሉ እሱም ወንጀል ወንጀሉን ብቻ! እኔ ጡረታ እስክወጣ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው የሠራሁት፣ ደጃችን ላይ ሲንቆራጠጥ የሚውለው ሰው አብዛኛው በውርስ፣ በፍቺ፣ በቤት፣ በብድር የመጣ ነበር። ይህ ፍትሐብሔር ይባላል። እዚህ "ጥፋተኛ ነህ" ተብሎ ወህኒ የሚወርድ የለም። ከሳሽና ተከሳሽ ግን አሉ፣ ሰውም "ተከሰሰ" ሲባል ወንጀል ሠራ ማለት እየመሰለው ጎረቤቱን ያማል።

ከሳሽ በክሱ ላይ ይደረግልኝ ብሎ የሚጠይቀው ነገር ዳኝነት ይባላል። ዳኛው "የጠየቅሽው ዳኝነት ምንድን ነው?" ካለሽ ስለ ሙያው እየጠየቀሽ አይደለም፣ ምን ላድርግልሽ ነው የሚልሽ። ለዚህም የዳኝነት ክፍያ ትከፍያለሽ። ከዚያ ለተከሳሹ መጥሪያ ይወጣል። መጥሪያው ደርሶት ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ሊታይ ይችላል። ከቀረበ መልስ ይሰጣል፣ ከመልሱ ጋር መቃወሚያ ካለው ያነሳል። ከመቃወሚያዎቹ ሁሉ ስሙን መያዝ ያለብሽ ይርጋን ነው። ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው። በውል ጉዳይ ልዩ ድንጋጌ ከሌለ 10 ዓመት ነው፣ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት 2 ዓመት። የሚገርመው ዳኛው ይርጋን በራሱ ማንሳት አይችልም፣ ተከሳሹ ካላነሳው ክርክሩ ይቀጥላል። ይህን ባለማወቅ ስንቱ የረታውን ክርክር ተረታ!

በመቃወሚያው ላይ የሚሰጠውም ብይን ነው። እንግዲህ አስተውዪ፣ ወንጀልም ሆነ ፍትሐብሔር ብይን መሐል ላይ ነው የሚመጣው። ትእዛዝ የሚባለው ደግሞ ችሎቱ በየቀጠሮው የሚለው ነው፤ መጥሪያ ይድረስ፣ ማስረጃ ይቅረብ፣ ንብረቱ ታግዶ ይቆይ። ከዚያ ዳኞቹ ጭብጥ ይይዛሉ፣ ማለትም ግራ ቀኙ የተካካዱበትን ነጥብ ለይተው ያወጣሉ፣ ማስረጃ ይሰማል፣ ፍርድ ይሰጣል።

አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ የሚደናገርበት ላይ ደረስን። ያው አንድ ሰው በየደረጃው ስሙ ይቀየራል። ታች ከሳሽ የነበረችው ተረትታ ይግባኝ ካለች ይግባኝ ባይ ትባላለች፣ ያኛው መልስ ሰጪ ይሆናል። ወደ ሰበር፣ ማለትም የህግ ስህተት ወደሚታረምበት ችሎት፣ ከወጡ አመልካችና ተጠሪ ናቸው። በመጨረሻ ረትታ ፍርዱ ይፈጸምልኝ ብላ አፈጻጸም ከከፈተች የፍርድ ባለመብት ናት፣ እሱ የፍርድ ባለዕዳ። በመሐል "ንብረቱ እኔንም ይመለከተኛል" ብሎ የሚገባ ሦስተኛ ሰው ጣልቃ ገብ ይባላል። ችሎት አስከባሪ "ተጠሪ!" እያለ ሲጣራ ሰውየው እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት የሚያልፈው ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ጠበቃና ነገረ ፈጅንም አትቀላቅዪ። ጠበቃ ፈቃድ አውጥቶ ለማንም ደንበኛ ይቆማል፣ ነገረ ፈጅ የአንድ መሥሪያ ቤት ደመወዝተኛ ነው፣ የሚቆመውም ለዚያው መሥሪያ ቤት ነው።


ፒያሳ_ልጅ፦

ጋሼ አቦ ይመችዎ! እኔ ሁለቱን ምክር ቤቶች ላሳጥርልሽ። የተወካዮቹ እንደ አሜሪካ ታችኛው ምክር ቤት፣ ፌዴሬሽኑ እንደ ሴኔት። አዋጅ ሁለቱም ካላጸደቁት አይወጣም። ጨረስን።


ቾክ_በእጄ፦

ኧረ ቀስ በል ፒያሳ! ተማሪዎቼን በየዓመቱ ነጥብ የሚያስጥላቸው ይኸው ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ህግ አያወጣም። አዋጅ የሚጸድቀው በህዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብቻ ነው።

እህቴ፣ አንድ አዋጅ የሚሄድበትን መንገድ ተከተዪው፣ ቃላቱ በቅደም ተከተል ይመጡልሻል። ብዙውን ጊዜ ረቂቁ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመጣል። ምክር ቤቱ "ለዝርዝር እይታ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ መራው" የሚለውን ዜና ሰምተሻል። ቋሚ ኮሚቴው መርምሮ የውሳኔ ሀሳብ ይዞ ይመለሳል። ድምጽ ለመስጠት ምልዓተ ጉባኤ ያስፈልጋል፣ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘት አለባቸው። አፈ ጉባኤው "የምትደግፉ፣ የምትቃወሙ፣ ድምጸ ተአቅቦ" ብሎ ያስቆጥራል። ተአቅቦ ማለት አልደገፍኩም አልተቃወምኩም ነው። ከጸደቀ ለፕሬዚዳንቱ ይላካል፣ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማል። ካልፈረመስ? አዋጁ ያለ ፊርማው ሥራ ላይ ይውላል። የአሜሪካውን ቬቶ፣ ማለትም ፕሬዚዳንቱ ህጉን የሚያግድበትን ሥልጣን፣ አስበው የሚመልሱ ተማሪዎች እዚህም ይወድቃሉ።

የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሌላ ነው። የብሔር ብሔረሰቦችና ህዝቦች ምክር ቤት ነው። እያንዳንዱ ብሔር ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ወኪል አለው፣ በተጨማሪ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ህዝብ አንድ ይጨመርለታል። አባላቱን የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፣ ከፈለጉ ደግሞ በቀጥታ በህዝብ ያስመርጣሉ። ትልቁ ሥራው ህገ መንግሥቱን መተርጎም ነው። ለዚህ የሚያግዘው 11 አባላት ያሉት የህገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አለ፣ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘም ያየነው ይህንን ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ትርጉም ጠየቀ፣ አጣሪ ጉባኤው የህግ ባለሙያዎችን ሲያዳምጥ በቴሌቪዥን ተላለፈ፣ የውሳኔ ሀሳቡን አቀረበ፣ የመጨረሻውን ቃል የተናገረው ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በውሳኔው የተስማማም ያልተስማማም ብዙ ነበር፣ አሠራሩን ለመረዳት ግን ከዚያ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ይኸው ምክር ቤት በክልሎች መካከል የሚነሳን አለመግባባት ያያል፣ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመርም ይወስናል።

ወጥመዱ እንግዲህ ይኸውልሽ። "ህግ ተርጓሚው አካል ማነው?" ካሉሽ ፍርድ ቤት ነው። "ህገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ማነው?" ካሉሽ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጥያቄው ላይ አንድ ቃል ሲጨመር መልሱ ተገለበጠ። ሰበርም ከዚሁ ጋር ይምጣ፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት መሠረታዊ የህግ ስህተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ ያርማል። ፍሬ ነገሩን፣ ማለትም ማን መታ ማን ተመታን እንደገና አይመረምርም። ቢያንስ አምስት ዳኞች ተቀምጠው የሰጡት የህግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን የፌዴራልም የክልልም ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል።

አንድ ልጨምርና ላብቃ። ፕሬዚዳንቱ ርዕሰ ብሔር ነው። ህገ መንግሥቱ አንቀጽ 74 ላይ ርዕሰ መስተዳድር የሚለው ጠቅላይ ሚኒስትሩን ነው። ዜና ላይ ግን ርዕሰ መስተዳድር ሲባል የክልሉ መሪ ነው። ፈተና ላይ "በህገ መንግሥቱ መሠረት" የሚል ካየሽ ክልሉን እርሺው።


ፒያሳ_ልጅ፦

ታዲያ ህግ ካላወጣ ለምን ምክር ቤት አሉት 😂


ቾክ_በእጄ፦

እሱን አርቃቂዎቹን ጠይቃቸው። የሚኒስትሮችም "ምክር ቤት" ነው እኮ፣ እነሱንም ፓርላማ ልትላቸው ነው?


ፍሬሽማኗ፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ጋሼ የመዝገብ ቤቱ፣ ያ የስም መቀያየር ነገር ለካ ነው አንድ የሰበር ውሳኔ ሳነብ ሰው የበዛብኝ፣ ሁለት ሰው ብቻ ነበሩ ማለት ነው። አንድ የቀረኝ አለ። አንዱ በዋስ ወጣ ይባላል፣ አንዱ በነጻ፣ አንዱ ክሱ ተቋርጦለት፣ አንዱ በገደብ፣ አንዱ በአመክሮ፣ በይቅርታ፣ በምህረት... በመጨረሻ ሁሉም ቤቱ ገባ አይደል? ልዩነቱ ምንድን ነው?


ጥቁር_ካባ፦

ቤቱ መግባቱ አይደለም ቁም ነገሩ። ነገ ተመልሶ ሊጠራ ይችላል ወይ? ስሙ ላይስ ምን ቀረ? እነዚህን ጠይቂ።

በዋስ የወጣ ሰው ጉዳዩ ገና አላለቀም። ዋስ ጠርቶ ወይም ገንዘብ አሲዞ ነው የወጣው፣ በቀጠሮው ቀን ካልቀረበ ይያዛል፣ ያስያዘውም ሊቀር ይችላል። ክሱ የተቋረጠለትም ነጻ ነህ አልተባለም፤ ዐቃቤ ህግ ክሱን አነሳ እንጂ ፍርድ ቤቱ ስለ ጥፋቱ አንዳች አልተናገረም። በነጻ የተሰናበተው ነው ንጹህ። እሱም ቢሆን ዐቃቤ ህግ ይግባኝ ሊልበት ይችላል።

ገደብና አመክሮ የሚመጡት ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ነው። በገደብ ማለት ቅጣቱ እንዳይፈጸም ተንጠልጥሎ ቆየ ማለት ነው፣ በተሰጠው የፈተና ጊዜ ውስጥ ሌላ ጥፋት ካጠፋ ይወርድበታል። አመክሮ ደግሞ ወህኒ ገብቶ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ በመልካም ጠባዩ መውጣት ነው። ዜና አንባቢዎች ሁለቱን ሲያቀያይሩ ሰምቻለሁ።

ይቅርታና ምህረትን ሰው አንድ ያደርጋቸዋል፣ ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው። ይቅርታ የተፈረደበት ሰው የሚጠይቀው ነው፣ በፌዴራል ደረጃ የሚሰጠው ፕሬዚዳንቱ ነው። ቅጣቱ ይቀርለታል፣ የጥፋተኝነቱ ፍርድ ግን መዝገብ ላይ ይኖራል። ምህረት በህግ የሚታወጅ ነው፣ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአንድ ዓይነት ወንጀል ወይም ለተወሰኑ ሰዎች፣ ገና ላልተከሰሱትም ጭምር ሊሆን ይችላል። በ2010 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ያጸደቀውን የምህረት አዋጅ አስታውሺ። ምህረት ያገኘ ሰው በህግ ዓይን እንዳልተፈረደበት ነው የሚቆጠረው።


የመዝገብ_ቤቱ፦

ልጄ፣ አሁን ስልኩን አስቀምጪና ችሎት ግቢ። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሁሉም ክፍት ነው፣ በዝግ ይታይ ካልተባለ በቀር ማንም ከኋላ ቁጭ ብሎ መስማት ይችላል። ጠዋት ሂጂ፣ ግድግዳው ላይ የዕለቱ መዝገቦች ዝርዝር ይለጠፋል። አንድ የወንጀልና አንድ የፍትሐብሔር ችሎት ምረጪ። ዳኞች ሲገቡ ተነሺ፣ ድምጽ አትቅረጪ፣ ማስቲካም አታላምጪ፣ ችሎት አስከባሪው ያስወጣሻል።


ፍሬሽማኗ፦

እንዴ፣ ዝም ብሎ መግባት ይቻላል? የልደታው ፍርድ ቤት ለቤታችን ቅርብ ነው። የፊታችን ማክሰኞ ክላስ የለኝም፣ አንድ ጓደኛዬን ይዤ ልሄድ ነው። በር ላይ ምን ይጠይቁናል?


የመዝገብ_ቤቱ፦

ይፈትሹሻል፣ መታወቂያ ይዘሽ ሂጂ። የማን ባለጉዳይ ነሽ ካሉሽ ተማሪ ነኝ፣ ችሎት ልከታተል ነው የመጣሁት በያቸው።